የልጅ አፍንጫ፣ የልጅ መሣሪያ፦ ለሕፃናት የሳይነስ (በፊት አጥንት ውስጥ ያለ አየር የሚይዝ ክፍተት) ቀዶ ሕክምና የሚሆነው የመሣሪያ ሴት (ስብስብ)፣ ከዋዜማው እስከ ማጠቢያው

ከዓመታት በፊት ነው። የአራት ዓመት ልጅ ሰመመን ወስዳ ተኝታለች። ሐኪሙ ባክባይተር፣ ከኋላ ወደ ፊት የሚነክሰውን መቁረጫ፣ ጠየቀኝ፤ አቀበልኩት። ወደ ግራ አፍንጫዋ አስገብቶ ከፈተው፣ አዞረው፣ ሲጨምቀው ግን መንጋጋው ግማሽ መንገድ ላይ ደርቆ ቀረ። ተዘግቶ የገባ መሣሪያ ተከፍቶ ከጠባብ አፍንጫ አይወጣም። ሳያቆስል ለማውጣት የፈጀብንን ደቂቃ አሁንም አልረሳውም። ልጅቷ በደህና ነቃች። ማታ መሣሪያውን በማጉያ መነጽር ሳየው ማጠፊያው ውስጥ የደረቀ ደምና ዝገት አገኘሁ። ያቀበልኩት እኔ ነበርኩ፤ ጠዋት ከፍቼ ዘግቼ አልሞከርኩትም።

ይህ ጽሑፍ ከጠረጴዛው በመሣሪያው በኩል ለምትቆሙ ነው፤ ለስክራብ ነርሶች (መሣሪያ ለሐኪሙ ለምታቀብሉ)፣ መሣሪያ ለምታጥቡና ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት የሚያመክነው ማሽን) ለምታስገቡ፣ አዲስ ለጀመራችሁ ሬዚደንቶችም። ሐኪሙ የትኛውን የሳይነስ ክፍል እንደሚከፍት አልነግራችሁም። የምነግራችሁ የሚከፍትበት ብረት እጁ ላይ ሲደርስ በምን ሁኔታ መድረስ እንዳለበት ነው።

መጀመሪያ አፍንጫውን እወቁ

ብዙ ቦታ የሕፃናት የመሣሪያ ሴት ተብሎ የሚቀመጠው ከአዋቂው ሴት ውስጥ ትንንሹ ተመርጦ ነው። ይህ አይበቃም። የልጅ ሳይነስ የሚለየው በማነሱ ብቻ ሳይሆን፣ ገና ያልተፈጠረ ክፍል ስላለውና ከዓይን ጋር በጣም ስለሚቀራረብ ነው።

ሕፃን ሲወለድ የጉንጩ ሳይነስ፣ ማክሲላሪ የምንለው፣ እና በዓይኖቹ መካከል ያለው ኤትሞይድ በትንሹ ተፈጥረው ነው። ከኋላ ያለው ስፌኖይድ አየር መያዝ የሚጀምረው በሦስት ዓመት ገደማ ነው። የግንባሩ ፍሮንታል በራጅ በግልጽ የሚታየው ሰባትና ስምንት ዓመት ሲሞላ ሲሆን እድገቱን የሚጨርሰው በጉርምስና ማብቂያ ነው። ስለዚህ ለአራት ዓመት ልጅ ረጅሙን የፍሮንታል ጂራፍ ፎርሴፕስ (መያዣ) እና ኩሬት (መፋቂያ) ጠረጴዛ ላይ መደርደር ቦታ ማጣበብ ነው፤ የማይፈለግ መሣሪያ የሚፈለገውን ይሸፍናል።

የማክሲላሪው ወለል እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ከአፍንጫው ወለል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ከሥሩ ያልበቀሉ ጥርሶች ተቀብረዋል። በመንጠቆ ቅርጽ ያለው አጥንት፣ አንሲኔት፣ ከዓይን ግድግዳ ጋር ሊነካካ ምንም አይቀረውም። ያ የዓይን ግድግዳ ስሙ ራሱ ወረቀት መሰል ማለት ነው፤ በልጅ ላይ ስሙን በትክክል ይመስላል። በአዋቂ ላይ አንሲኔቱን በማጭድ ቢላ ከፊት ወደኋላ የሚቆርጥ ሐኪም፣ በልጅ ላይ ብዙ ጊዜ ከኋላ ወደ ፊት በትንሹ ባክባይተር የሚነክሰው ለዚህ ነው። ስለታሙ ጫፍ ከዓይን እየራቀ ይመጣል። ይህን ካወቃችሁ ለምን ባክባይተሩ ከሁሉ በፊት መፈተሽ እንዳለበት ማንም ሊነግራችሁ አያስፈልግም።

በዋዜማው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሳይነስ ቀዶ ሕክምና ለልጅ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። መድኃኒትና የአፍንጫ እጥበት ይቀድማሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥሎ የሚመጣው አዴኖይድ፣ ከአፍንጫ ጀርባ ያለውን እጢ፣ ማውጣት ነው። እስከ ሳይነሱ የሚያደርሱት ለምሳሌ ከማክሲላሪ ተነስቶ ወደ ጉሮሮ የሚንጠለጠል ፖሊፕ (ለስላሳ እብጠት)፣ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባለው የሚወረስ ሕመም፣ ከፈንገስ ጋር የተያያዘ አለርጂ፣ ወይም ከኤትሞይድ ወደ ዓይን ጉድጓድ የተሻገረ መግል ናቸው። ለእያንዳንዱ ጠረጴዛው ይለያል፤ ስለዚህ ከፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ያለውን ስም አንብባችሁ ብቻ አትለፉ፤ ሐኪሙን ጠይቁት።

ለተንጠለጠለው ፖሊፕ ዋናው ጉዳይ ሥሩ ነው። ሥሩ ከማክሲላሪው ግድግዳ ካልተነቀለ ፖሊፑ ይመለሳል። ስለዚህ ጥግ የሚያሳይ ኢንዶስኮፕ (ውስጡን የሚያሳይ ባለ ብርሃን ቱቦ) እና ጥግ የሚደርስ ጠማማ ፎርሴፕስ፣ ጠማማ ሰክሽንም (መምጠጫ) ያስፈልጋል። ፖሊፑ ትልቅ ከሆነ በአፍ በኩል ስለሚወጣ የአፍ መክፈቻው፣ ቦይል ዴቪስ፣ ከነተለያየ መጠን ምላሱ አብሮ ይዘጋጅ። አዴኖይዱም አብሮ የሚወጣ ከሆነ ያው ነው።

ለዓይኑ መግል ደግሞ ቦታው ያበጠና የሚደማ ነው፤ ሰክሽንና ቀጭን ኢንዶስኮፕ ይቀድማሉ። የመግል ናሙና መያዣ አትርሱ፤ ሌሊት የመጣ ልጅ ሆኖ መያዣ ሲፈለግ መግሉ በሰክሽን ማሰሮ ውስጥ ያልቃል።

የልጁን ክብደት ጠይቁና ነጩ ሰሌዳ ላይ በትልቁ ጻፉ። ሁሉም ቁጥር ከእርሱ ይነሳል። ሲቲ ስካኑ ክፍሉ ውስጥ መኖሩን፣ ግራና ቀኙ በትክክል መሰቀሉን አረጋግጡ። ፊልሙ ተገልብጦ ተሰቅሎ አይቻለሁ፤ ያስተዋለችው ሰርኩሌት የምታደርገው፣ ከንጹሑ ጠረጴዛ ውጭ ሆና የምታግዘው፣ ሲስተር ነበረች።

ኢንዶስኮፑ

ሁለት ውፍረት ይኑራችሁ፦ 4 ሚሊ ሜትር እና 2.7 ሚሊ ሜትር። ለልጅ ሁልጊዜ ቀጭኑ ነው የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። 2.7 ብርሃኑም የሚያሳየው ስፋትም ያንሳል፣ በቀላሉም ይጎብጣል። ትልልቅ ልጆች፣ አፍንጫቸው በመድኃኒት በደንብ ከተከፈተ፣ 4 ሚሊ ሜትሩን ይችላሉ፤ ሐኪሙም የተሻለ ያያል። ለሕፃናት፣ ለጠበበ አፍንጫና ላበጠ ቦታ ግን ቀጭኑ ግድ ነው። ሁለቱም ከነእጀታቸው ንጹሕ ሆነው ይቅረቡ፤ ምርጫው እዚያው ይደረጋል።

በማዕዘን ደግሞ ቀጥ ብሎ የሚያየው 0 ዲግሪ እና 30 ዲግሪ መሠረት ናቸው። ማክሲላሪው ውስጥ ወደ ጎን ለማየት 45 ወይም 70 ይጨመራል። 70 ዲግሪ ስትሰጡ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ ፊት ለፊቱን ስለማያሳይ እያዩ የሚገቡበት አይደለም።

ቱቦው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ማወቅ አያያዛችሁን ይለውጠዋል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃሮልድ ሆፕኪንስ ባመጣው ዘዴ መሠረት ቱቦው በረጃጅም የመስታወት ዘንጎች የተሞላ ነው። ቱቦው ፀጉር ታህል ከጎበጠ ዘንጉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ፦

ሁልጊዜ የምትይዙት በወፍራሙ በዓይን በኩል ነው፤ ጫፉን ይዛችሁ አታንሱት። በሌላ ብረት ላይ አትደርቡት። ለሐኪሙ ስታቀብሉ ወፍራሙን ወደ መዳፉ አስገቡና እስኪይዘው አትልቀቁ።

ልጁ ከመተኛቱ በፊት በኢንዶስኮፑ ወደ መስኮት ወይም ወደ ጽሑፍ ተመልከቱ። ምስሉ ክብ መሆን አለበት። ከዳር ጥቁር ጨረቃ ከታየ ቱቦው ጎብጧል ወይም ዘንጉ ተሰንጥቋል። ጉም ከታየና ሲወለወል ካልጠፋ ውሃ ገብቶበታል። የብርሃን ገመዱን አንድ ጫፍ ወደ አምፖል አዙራችሁ በሌላው ጫፍ እዩ፤ ጥቁር ነጥብ ሁሉ የተሰበረ ክር ነው። ሩብ ያህሉ ከጠቆረ ገመዱ አልቋል፤ ያን ጊዜ የብርሃን ማሽኑን ኃይል መጨመር መፍትሔ አይሆንም።

የበራ ገመድ ድሬፕ፣ ልጁ የሚሸፈንበት ጨርቅ፣ ላይ አይቀመጥም፤ ያቃጥላል። ሐኪሙ ኢንዶስኮፑን ሲያወጣ ማሽኑ ማረፊያ ላይ ይደረግ። ጉም ለመከላከል በፔርሙዝ የተያዘ ሙቅ የተጣራ ንጹሕ ውሃ ከማንኛውም ጠብታ ያላነሰ ይሠራል።

የእጅ መሣሪያዎቹ፦ ማስላት ብቻ ሳይሆን መፈተሽ

ይህ ክፍል ረጅም ነው፤ ሆን ብዬ ነው። ጠዋት ጓንት ካደረጋችሁ በኋላ እያንዳንዱን መሣሪያ በእጃችሁ አሠሩት። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ፍሪር ኤሌቬተር፦ ሚድል ተርቢኔቱን፣ በአፍንጫ ውስጥ ጎን ላይ ያለውን የታጠፈ አጥንት፣ ቀስ ብሎ ወደ መሃል የሚገፋው ነው። ጠርዙን በጣታችሁ ጀርባ ዳስሱ፤ የተሰነጠቀ ወይም የተጠማዘዘ ጠርዝ ሙኮሳውን፣ የውስጡን ስስ ሽፋን፣ ይልጣል። በጠባብ አፍንጫ ውስጥ የተላጡ ሁለት ግድግዳዎች ደግሞ እርስ በርስ ይጣበቃሉ።

ጫፉ ኳስ የሆነው መመርመሪያ፦ የማክሲላሪውን ተፈጥሯዊ ቀዳዳ የሚፈልገውና አንሲኔቱን ወደ ፊት የሚስበው ይህ ነው። ኳሷ መኖሯን እዩ። ተሰብራ የወደቀችበት ዘንግ የተሳለ መርፌ ነው ማለት ነው፤ በችኮላ ሲታይ ግን ጤነኛ ይመስላል።

ብሌክስሊ ፎርሴፕስ፦ ቀጥ ያለውና 45 ዲግሪ ወደ ላይ የሚያየው፤ ለልጅ ጫፋቸው ቀጭን የሆኑት። እነዚህ ይዘው የሚስቡ ናቸው። የተላቀቀ ነገር ለማንሳት ጥሩ ናቸው፤ ያልተላቀቀ ሙኮሳ ግን ይዘው ይገነጥላሉ።

ቆርጠው የሚያልፉ ፎርሴፕሶች፦ ለእኔ የልጅ መሣሪያ ሴት ልብ እነዚህ ናቸው። የታችኛው መንጋጋቸው ክፍት መስኮት ስለሆነ ላይኛው በውስጡ አልፎ ንጹሕ አድርጎ ይቆርጣል፤ አይገነጥልም። ገንዘብ ካነሰና አንድ ነገር ብቻ መግዛት ከተቻለ ከአምስት ብሌክስሊ ሁለት ጥሩ ቆራጭ፣ ቀጥና ወደ ላይ፣ ይግዙ ብዬ እመክራለሁ። ፈተናው ቀላል ነው፤ ከአሮጌ ጓንት የተቀደደ ስስ ላስቲክ አስነክሱት። ንጹሕ ቆርጦ ከለቀቀ ይሠራል፤ ላስቲኩን እያኘከ ከሳበ የልጁንም ሙኮሳ እንዲሁ ያደርጋል። ፈተናው ከቀዶው በፊት ባለው ቀን፣ መሣሪያው ከመታሸጉ አስቀድሞ ይሁን፤ በኋላ በድጋሚ ይታጠባል።

ባክባይተር፦ የሕፃናቱ ጠባብ መንጋጋ ያለው። ሦስት ጊዜ ሙሉ ክፈቱ፣ ሙሉ ዝጉ፣ በየአቅጣጫው አዙሩት። የሚያንቀራፍፍ ወይም በግድ የሚዘጋ ከሆነ ከጠረጴዛው ይውጣ። ሐኪሙ እየነከሰ ወደ ፊት ሲመጣ ጠንካራ አጥንት ካጋጠመው ያቆማል፤ ከዚያ ፊት ለፊት የእንባ ቱቦ አለ። መሣሪያው ደንዝዞ ከሆነ ግን ለስላሳውም ጠንካራ ይመስለዋል፤ እጁ የሚነግረውን ምልክት ያጣል ማለት ነው። የደነዘዘ መሣሪያ አደጋው እዚህ ላይ ነው።

ሰክሽን፦ ፍሬዚየር በ5 እና በ7 ፍሬንች (የቱቦ ውፍረት መለኪያ)፣ ጠማማው ለማክሲላሪ። በእያንዳንዱ ውስጥ ውሃ ስባችሁ አሳልፉ፤ ሲደፈን የሚከፈትበትን ሽቦ አጠገቡ አስቀምጡ። ቀጭን ሰክሽን በልጅ ደም በቶሎ ይደፈናል፤ ስለዚህ ሁለት ሁለት ይሁኑ፣ አንዱ ሲሠራ አንዱን ታጥባላችሁ።

የአፍንጫ መክፈቻ በትንሹ መጠን፣ ባዮኔት ፎርሴፕስ፣ አነስተኛ ኩሬት። በእነዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም።

ማይክሮዲብራይደር ካላችሁ

ለልጅ 2.9 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያለው ቀጭን ምላጭ አለ። የሚሽከረከረው ምላጭ ቲሹውን በሰክሽን ወደ መስኮቱ ስቦ ይቆርጣል። ለስላሳ ቲሹ ሲሆን ማሽኑ ወዲያና ወዲህ በሚመላለስበት ሁኔታ ላይ ይደረጋል፤ በአንድ አቅጣጫ በፍጥነት የሚዞረው ለአጥንት መሰርሰሪያ ነው። ማሽኑ የትኛው ላይ እንዳለ ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት። የልጁ አፍንጫ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሳላይን (የጨው ውሃ) በያዘ ሳህን ውስጥ አሠሩት፤ ውሃው እየገባ፣ ሰክሽኑ እየሳበ፣ ምላጩ እየዞረ መሆኑን እዩ። የውሃው መስመር ከቆመ የተቆረጠው ቲሹ ቱቦው ውስጥ ይረጋል።

አክብሩት። የዓይን ግድግዳ ቢበሳ ፎርሴፕስ ስብ ይዞ ይቆማል፤ ይህ ማሽን ግን በሰከንዶች ውስጥ ስቡን ብቻ ሳይሆን የዓይን ጡንቻውንም ስቦ ይቆርጣል። ፔዳሉን ከሐኪሙ እግር ሌላ ማንም እንዳይረግጠው አድርጉ። ምላጩ ለአንድ ጊዜ ነው። ውድ ስለሆነ ታጥቦ ሲደገም አውቃለሁ፤ ውስጠኛው ቱቦ ግን በእጅ ታጥቦ አይጠራም፣ ስለቱም ይሞታል። ከደነዘዘ ማይክሮዲብራይደር ስለታም የእጅ ቆራጭ ይሻላል።

መድኃኒቱና ጠረጴዛው

እዚህ ላይ ብረት ሳይሆን ፈሳሽ ልጅ ይገድላል። በእኛ አገር የሚገኘው የአድሬናሊን (የደም ሥር የሚያጠብብ መድኃኒት) አምፑል 1 ሚሊ ግራም በ1 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 1 ለ1000 ነው። በጥጥ ነክረው አፍንጫ ውስጥ የሚያደርጉት ይህን ሲሆን፣ በመርፌ የሚወጋው ደግሞ መቶ ጊዜ የቀጠነው፣ 1 ለ100,000 ነው። ሁለቱም እንደ ውሃ የጠሩ ናቸው።

ስለዚህ ሕጋችሁ ይህ ይሁን፦ የሚነከረው መቼም በስሪንጅ አይቀዳም፤ በሳህን ብቻ ይቀመጣል፣ ሳህኑም በማርከር ይጻፍበታል። የሚወጋው ብቻ በስሪንጅ ይሆናል፣ ስሪንጁም ይጻፍበታል። ሁለቱ በጠረጴዛው ሁለት ዳር ይቀመጡ። ስትሰጡ ስሙንና መጠኑን ተናገሩ፤ ሐኪሙ መልሶ ይበል። ለትንንሽ ልጆች ብዙዎች ከአድሬናሊን ይልቅ ያንኑ የሚሠራውን ኦክሲሜታዞሊን ይመርጣሉ፤ እርሱም ቢሆን ተለክቶ እንጂ ጠርሙሱ ተገልብጦ አይሰጥም። ሌላውን የደም ሥር ማጥበቢያ፣ ፌኒሌፍሪንን፣ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ የኒውዮርክ ግዛት ከደረሰ ሞት በኋላ በወጣው መመሪያ ለልጆች የመጀመሪያው መጠን በኪሎ 20 ማይክሮ ግራም ነው። የደም ግፊቱ ቢንር ቤታ ብሎከር (የልብ ምት የሚያቀዘቅዝ መድኃኒት) መስጠት ልብን ሊያደክም እንደሚችል ያ መመሪያ ያስጠነቅቃል፤ የሰመመን ባለሙያው ምን እንደነከራችሁ ማወቅ ያለበት ለዚህ ነው።

የሊዶካይን (የማደንዘዣው) ጣሪያ ከአድሬናሊን ጋር በኪሎ 7 ሚሊ ግራም ነው። 15 ኪሎ ለሆነ ልጅ 105 ሚሊ ግራም፣ ከ2 ፐርሰንቱ ከ5 ሚሊ ሊትር ጥቂት ብቻ ያልፋል። ከዚህ በላይ ጠረጴዛው ላይ አትቅዱ፤ የሌለ ነገር በስህተት አይሰጥም።

ደሙም እንዲሁ ይለካል። አንድ ልጅ በኪሎ 75 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም አለው። 15 ኪሎው ልጅ ጠቅላላ ደሙ ከ1100 ሚሊ ሊትር ጥቂት ይበልጣል፤ አሥር በመቶው አንድ ትንሽ የሻይ ብርጭቆ ያህል ነው። የሰክሽን ማሰሮው ሚሊ ሊትር በሚታይበት ይሁን፤ ምን ያህል ሳላይን እንደፈሰሰ መዝግቡና ቀንሱ። ግምታችሁን ሳትጠየቁ በየጊዜው ተናገሩ።

በድሬፑ ሁለቱም ዓይኖች ሳይሸፈኑ ይተዉ። ሐኪሙ ስክሪኑን ሲያይ ዓይኑን የምታዩት እናንተ ናችሁ። ቆቡ ካበጠ፣ ከጠቆረ ወይም ዓይኑ ወደ ፊት ከገፋ ወዲያው ተናገሩ። አንዳንዴ ሐኪሙ ዓይኑን ቀስ ብላችሁ እንድትጫኑ ይጠይቃል፤ አፍንጫው ውስጥ ያለው የዓይን ግድግዳ ሲንቀሳቀስ ካየ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ለዚሁም ሳላይን ያለበት ትንሽ ሳህን ይኑር፤ የወጣው ቁራጭ የሚያጠራጥር ከሆነ ውስጡ ጣሉት። ፖሊፕ ይሰጥማል፣ የዓይን ስብ ይንሳፈፋል።

የሚቆጠረው

ባለክር ጥጦች ሲገቡ ይቆጠራሉ፣ ሲወጡ ይቆጠራሉ፣ ክሩ ሁልጊዜ ከአፍንጫ ውጭ ይታያል። በደም የራሰ ጥጥ ሙኮሳ ይመስላል፤ በዓይን አትመኑ።

ጉሮሮ ውስጥ የሚደረገው ጎዝ፣ ፓክ የምንለው፣ ከሁሉም ይበልጣል። ተረስቶ የቀረ ፓክ ልጁን ቱቦው እንደወጣ ያፍነዋል። ሲገባ ሰሌዳው ላይ በቀይ ጻፉት፤ ጫፉ ከአፍ ውጭ ይታይ። ሲወጣ እናንተ፣ ሐኪሙና የሰመመን ባለሙያው ሦስታችሁም አይታችሁት ከዚያ ሰሌዳው ይጠረግ። ፓኩ ወጥቷል የሚል ቃል ሳይሰማ ልጅ አይነቃም።

ማጠቢያው፦ በረኪናው ላይ

አብዛኞቻችን ከነርሲንግ ትምህርት ቤት ጀምሮ የተማርነው ያገለገለ መሣሪያ 0.5 ፐርሰንት ክሎሪን ውስጥ 10 ደቂቃ ይነከራል የሚለውን ነው፤ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ። ይህ ልማድ የጸናው የሚያጥበውን ሰው ለመጠበቅ በሚል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው የመሣሪያ ማጽዳት መመሪያ ግን መሣሪያን ከመታጠቡ በፊት ፀረ ተሕዋሲ ውስጥ መዘፍዘፍን አይመክርም። ደም ክሎሪኑን ያዳክመዋል፣ ክሎሪኑ ብረቱን ይበላዋል፣ የሚያጥበውም የተጠበቀ ይመስለዋል እንጂ አልተጠበቀም። ጥርስ መንቀያ በክሎሪን ጉዳት ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ የአንድ ሚሊ ሜትር ስለት ያለው የሕፃን ፎርሴፕስ ግን በጥቂት ወራት ስለቱ ይቦረቦራል፣ ማጠፊያው ይደርቃል። የእኔ ባክባይተር ታሪክም ይኸው ነበር። የሆስፒታላችሁ ደንብ አሁንም ክሎሪን የሚል ከሆነ በድብቅ አትጣሱት፤ ጉዳዩን ለኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴው አቅርቡና ደንቡን አስለውጡ። በረኪናው ለወለሉና ለፈሰሰ ደም ይቆይ።

በምትኩ እንዲህ ይሠራል።

ማጽዳቱ የሚጀምረው ቀዶው ላይ እያላችሁ ነው። መሣሪያው በተመለሰ ቁጥር በንጹሕ ውሃ በራሰ ጎዝ ጥረጉት። በሳላይን አይደለም፤ ጨው ብረት ይቦረቡራል። የሳላይኑና የውሃው ሳህን ስም ይጻፍባቸው፣ ወደ ልጁ የሚሄደው ሳላይኑ ነው። ሰክሽኖቹን በየመሃሉ ውሃ አስልኳቸው።

ካለቀ በኋላ እርጥብ ጨርቅ አልብሳችሁ ወደ ማጠቢያ ክፍል ውሰዱ፤ ደም እንዲደርቅ አትተዉ። ወፍራም ጓንት፣ መነጽር፣ ሽርጥ። ኤንዛይም ያለው ወይም ለዘብተኛ የመሣሪያ ሳሙና በለብታ ውሃ፤ የፈላ ውሃ ደሙን እንደ እንቁላል ያረጋዋል። የሚፈታውን ፍቱ፣ ማጠፊያ ያለውን ሁሉ ክፈቱ። በውሃው ውስጥ አጥልቃችሁ በለስላሳ ብሩሽ እሹ፤ ከውሃ በላይ ከታሸ ይረጫል። የብረት መፈግፈጊያ ክልክል ነው። ሰክሽን በልኩ በሆነ ቀጭን ብሩሽ ይታሻል፣ ከዚያ በስሪንጅ ውሃ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ይታጠባል። የመጨረሻው እጥበት በተጣራ ውሃ ይሁን፤ የቧንቧችን ውሃ ኖራ የበዛበት ሲሆን ነጭ ነጠብጣብ ትቶ መንጋጋውን ያጠነክራል።

አድርቁ፤ በተቻለ መጠን በተጨመቀ አየር። ማጉያ መነጽር ስር እያንዳንዱን ማጠፊያ እዩ። ለማጠፊያ የሚሆነው በውሃ የሚሟሟ የመሣሪያ ቅባት ነው፤ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት እንፋሎቱን ይከለክላል።

ኢንዶስኮፕ ከእጅ መሣሪያዎች ጋር አይታጠብም፣ አልትራሳውንድ ማጠቢያም ውስጥ አይገባም። ለብቻው፣ በለስላሳ ጨርቅ፣ ሌንሱ በጥጥ። ኦቶክሌቭ የሚችል ከሆነ ብዙውን ጊዜ ገላው ላይ ተጽፎበታል። ካልተጻፈበትና የአምራቹ ወረቀት ከሌለ አታስገቡት። ከኦቶክሌቭ ሲወጣ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተነከረ ትኩስ ኢንዶስኮፕ ሙጫው ይለቃል። ኦቶክሌቭ ለማይችለው 2 ፐርሰንት ግሉታራልዴሃይድ የተለመደ ነው፤ ለጊዜው ጠርሙሱ የሚለውን ተከተሉ፣ ፈሳሹ ሥራ ላይ መሆኑን በመፈተሻ ወረቀት አረጋግጡ፣ መስኮት ክፈቱ። ከዚያ በስቴራይል ውሃ በደንብ፣ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። የተረፈ ኬሚካል የልጅን ሙኮሳ ያቃጥላል።

የተጠቀለለ የእጅ መሣሪያ ቫኪዩም በሌለው ኦቶክሌቭ በ121 ዲግሪ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው ሙቀቱ ከደረሰ በኋላ ነው። መብራት መሃል ላይ ከጠፋ ዑደቱ ከመጀመሪያው ይደገማል። ቀጭን ቱቦ ያላቸው ሰክሽኖች ቫኪዩም ባለው ማሽን ቢገቡ ይመረጣል፤ በስበት በሚሠራው ውስጥ የታሰረ አየር እንፋሎቱን ሊከለክል ይችላል። መጠቆሚያ ወረቀቱ ከፓኬቱ ውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም ይግባ።

ለሌሊት የሚቀመጠው

ስስ ጫፎች በላስቲክ ካፕ ይሸፈኑ፣ እያንዳንዱ መሣሪያ በራሱ ማረፊያ ላይ ይተኛ። ካፑ እንፋሎት የሚያሳልፍ ዓይነት ይሁን። የሕፃናቱን ሴት ከአዋቂው ጋር አትቀላቅሉ፤ ሳጥኑ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ፣ ውስጡም የመሣሪያዎቹ ዝርዝር በአማርኛ ይለጠፍ። ባክባይተሩ ለጥገና ሲወጣ ዝርዝሩ ላይ ይጻፍ።

ከዚህ ተለይቶ አንድ ትንሽ ፓኬት ሁልጊዜ ታሽጎ ይቀመጥ። 2.7 ሚሊ ሜትር 0 ዲግሪ ኢንዶስኮፕ በአጠገቡ፣ ትንሹ ባክባይተር፣ ፍሪር፣ ባለኳስ መመርመሪያ፣ አንድ ቀጥ ያለ ቆራጭ፣ አንድ ወደ ላይ የሚያይ ብሌክስሊ፣ ሁለት 5 ፍሬንች ሰክሽን፣ የናሙና መያዣ። ዓይኑ አብጦ የተዘጋ ልጅ በሌሊት ሲመጣ ሁለት ሰዓት የሚፈጀው ብዙ ጊዜ ቀዶው ሳይሆን መሣሪያ ፍለጋው ነው። ፓኬቱ የት እንዳለ ተረኛው ሁሉ ይወቅ፤ ቁልፉም በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ አይደር።